ያልተባለው ስንኝ

ሲሪል ኦልድሮይድ ዕድሜውን ሙሉ ሲፈራ የኖረ ሰው ነው። ስሙን ለማጥፋት የተባለ አይደለም፤ ራሱም አይደብቀውም ነበር። በልጅነቱ፣ በእንግሊዟ የወደብ ከተማ ሃል ውስጥ አባቱ ዓሣ በጢስ የሚያደርቅበት ሰፈር፣ በጸሎት ቤቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን እንዲዘምር የታዘዘ ዕለት የሰባኪው ጫማ ላይ አስታወከ። ከዚያ አፉን ጠርጎ ዘመረ። ሰባኪውም የጫማውን ነገር ረስቶ አለቀሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሲሪል በሚሠራበት ቲያትር ቤት ሁሉ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ባልዲ ይቀመጥለታል።

ባልዲውን ይዞ ብዙ ቦታ ደርሷል። በሠራተኞች ክበብ፣ ቢራውን የሚጠጣው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶት እያወራ ዘፍኗል። በየበጋው ስካርብራ ባሕር ዳርቻ ለሽርሽር የመጡ ባልና ሚስቶችን አስለቅሷል። ለንደን ላይም አንድ ጊዜ የመርከበኛ ሚና ይዞ ተጫውቶ፣ አንድ ጋዜጣ ስሙን አሳስቶ አመስግኖታል። ሸክላም አሳትሞ ነበር፤ የገዙት ግን በአብዛኛው ዘመዶቹ ናቸው። ታላቅ ሰው አልሆነም። ሥራ ፈትቶም አያውቅም፤ በዚህ ሙያ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ፀጉሩ ሲሳሳና ሆዱ ሲገፋ የብርዱ ወራት እንጀራም ተገኘለት። በገና ሰሞን ለልጆች በሚታየው የተረት ቲያትር ውስጥ አስቂኟ አሮጊት ሁልጊዜም ወንድ ነው የሚሆናት። ሲሪል እትዬ ፑዲንግ ሆነ፤ ጡቱ ጥጥ፣ ጉንጩ ቀይ፣ ቀሚሱ የአልጋ ልብስ የሚያክል። ልጆቹ ደግሞ ጨዋታውን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። እትዬ ፑዲንግ «እዚህ ማንም የለም!» ካለች «አለ!» ብለው ይጮኻሉ። «አለ» ካለች «የለም!» ይላሉ። የምትለውን ሁሉ መካድ ነው ሥራቸው።

የዚህ ቲያትር ሰዎች አንድ ነገር ክፉኛ ይፈራሉ። የመዝጊያዎቹ ሁለት ስንኞች በልምምድ ጊዜ አይባሉም፤ ተመልካች ሳይቀመጥ ከአፍ የወጡ እንደሆነ ያ ቲያትር አበቃለት። ሲሪል ደግሞ ይባስ ብሎ ስንኞቹን በየዓመቱ ራሱ ይገጥማቸዋል፤ ወረቀት ላይ አያሰፍራቸውም፣ ለማንም አይነግራቸውም። ተዋንያን ቃል ሲጠፋቸው ከጥግ ሆና የምታስታውሳቸው በሪል በያዘችው ጽሑፍ ላይ እንኳ የመጨረሻው ቦታ ባዶ ነው። ሲሪል በዚህ ይኮራ ነበር፣ ምስኪን።

ዘንድሮ ግን ሌላ ፍርሃት መጣበት። በጋ ላይ፣ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ሲዘፍነው የኖረውን ዘፈን ጀምሮ ሁለተኛው ቤት ላይ ሲደርስ ግጥሙ ከአፉ ጠፋ። በማንጎራጎር አለፈው፤ ሕዝቡ ስሜት የገባው መስሎት አጨበጨበለት። ትንሽ ቆይቶ የማንቆርቆሪያ ስም ጠፋው። ወጥ ቤት ቆሞ «ያንን... ያንን ውኃ የምናፈላበትን» እያለ ለሚስቱ በእጁ ማሳየት ጀመረ።

ሚስቱ ዊኒ የቲያትሩ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከተጋቡ ጀምሮ የምታለብሰውም የምታወልቅለትም እሷ ነች።

«አሁንስ ጃጀህ!» አለችው እየሳቀች።

እሱ አልሳቀም። እናቱንም የመርሳት በሽታው የጀመራት እንዲሁ ነው። በመጨረሻው ላይ በር ከፍታ ልጇን ከላይ እስከ ታች አየችውና «የጋዙ ቆጣሪ ጓዳ ነው፣ ጫማህን ጥረግ» አለችው። ሲሪል ጫማውን ጠርጎ ገባ፣ ቆጣሪውን ያነበበ መሰለ፣ ወጣ። ለዊኒ ይህን ነግሯት አያውቅም።

ቲያትሩ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። ከቀትር በኋላ አዳራሹ በልጆችና በብርቱካን ሽታ ተሞላ። ሲሪል መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ስንኞቹን በልቡ ይላቸዋል። አሉ። እንደገና ይላቸዋል። አሁንም አሉ። የቅንድቡን እርሳስ አነሳና መዳፉን ዘረጋ። ጫፉ ቆዳውን ሲነካ ግን ቆመ። ከጻፈው ማመኑ ነው፤ እንደ እናቱ መሆኑን በገዛ እጁ መፈረሙ ነው። እርሳሱን ወረወረው።

ዊኒ ቀሚሱን ይዛ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ባልዲውን ነው።

«ምነው፣ ዛሬ ደረቅ ነው?»

«ደህና ነኝ።»

«ሳታስታውክ መድረክ ወጥተህ አታውቅም እኮ! ዛሬ ምን ተገኘና ነው?»

«ሴትዮ፣ አለማስታወኬም ጥፋት ሆነ? አጥብቂልኝ ይልቅ።»

አዘጋጁ ራልፍ አንገቱን አስገባ። ራልፍ ሰውን ሁሉ «የኔ ማር» ይላል፤ ሲያባርር እንኳ። «የኔ ማር፣ ቤቱ ጢም ብሏል! ለመጪው ዓመት ማን እንደሚቀጠር የሚወስኑትም ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። በሳቅ ግደላቸው!»

እትዬ ፑዲንግ ወጣች። ዳቦ ሊጥ ውስጥ ወደቀች፣ ዘፈነች፣ ሌባውን በመጥበሻ አባረረች። ልጆቹ ከሳቅ ብዛት ወንበር ላይ መቀመጥ አቃታቸው። ሲሪል ግን እየሳቀ ውስጡ ያልቅ ነበር፤ ከቀልድ ወደ ቀልድ ሲሻገር ወደዚያ ባዶ ቦታ እየቀረበ መሆኑን ያውቃል።

በመጨረሻ ተዋንያኑ ሁሉ በመድረኩ ደረጃ ወርደው እጅ ነሱ። ሙዚቃው ቆመ። እትዬ ፑዲንግ ወደ ፊት መጣች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አደረገች።

«ተረታችን አለቀ፣ መብራቱም ይጥፋ፣» አለ ሲሪል።

ከዚያ በኋላ ምንም የለም። የጠፋ ቃል ጫፉ ምላስ ላይ ይቀራል፤ ይሄ ግን ጫፍም የለውም። በሪልን አያት፤ በሪል ባዶውን ገጽ ይዛ ዓይኗን አፍጥጣለች። ላቡ በቀይ ጉንጩ ላይ ወረደ። ከእሱ በቀር በዚህች ዓለም ላይ ስንኙን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አሁን እሱም የለም። እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

«ረስቻለሁ፣» አለ።

እውነቱን ነበር። ድምፁም ተሰብሮ ነበር።  ከአዳራሹ ኋላ አንዲት ሕፃን ጮኸች።

«አልረሳሽም!»

«ረስቻለሁ!»

«አልረሳሽም!» አለ ቤቱ ሁሉ፣ ልጅ አዋቂ ሳይል፣ እግሩን እየመታ።

«ረስቻለሁ እኮ ነው የምላችሁ! ማርያምን!»

«አ-ል-ረ-ሳ-ሽ-ም!»

ሲሪል እጁን ዘርግቶ እየለመናቸው ነበር፤ እነሱ ግን ከዚህ የበለጠ ቀልድ አይተው አያውቁም። መጋረጃው በጭብጨባ መካከል ወረደ። ከመድረኩ ጥግ የልብስ ሰፊ መርፌ ደረቷ ላይ የሰካች ዊኒ ብቻ አልሳቀችም።

ራልፍ እየሮጠ መጥቶ አቀፈው። «የኔ ማር! እስከዛሬ ደብቀህ የያዝከው ይሄን ነው? ነገም፣ ከነገ ወዲያም፣ እስከ መጨረሻው ቀን እንደዚሁ ታደርገዋለህ! የመጪውም ዓመት ያንተ ነው!» ብሎ ጉንጩን ስሞት ሄደ።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ዊኒ ከጀርባው ቆማ መንጠቆዎቹን ትፈታ ጀመር። ባልዲው እንደ ደረቀ ነው። ሲሪል በመስታወቱ ውስጥ ግማሽ አሮጊት ግማሽ ሽማግሌ ሆኖ አያት።

«ዊኒ፣» አለ፣ «ረስቻለሁ።»

የልጆቹን መልስ ታውቀዋለች፤ ስንት የገና ሰሞን ከጥግ ቆማ ሰምታዋለች። አፏም ከልማዷ የተነሳ ተከፈተ። ቃሉ ግን አልወጣላትም። ሄዳ በሩን ዘጋችው፣ ተመልሳ ባልዲውን ገልብጣ አጠገቡ ተቀመጠችበትና ቀለም የነካውን እጁን ያዘች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።