ከእናቴ ጋር ተቆልፌ

በእርጥብ ሱፍ ላይ የጋለ ካውያ ሲያልፍ የሚወጣውን ሽታ የሚወድ ሰው አይጠፋም፤ እኔ ግን አፍንጮ በር ካለው ላውንደሪ ቤት ያ ሽታ ብቅ ካለብኝ መንገድ እሻገራለሁ። ሽታው የቤታችን ነው። አባቴ ፒያሳ፣ ከአንድ ፎቅ በረንዳ ሥር፣ ልብስ ይሰፋ ነበር። ጠዋት ከመውጣቱ በፊት የካድሬዎችን ሱሪ በከሰል ካውያ ተኩሶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ይወጣና በሩን ከውጭ ይቆልፍ ነበር። ውስጥ የምንቀረው እኔና እናቴ ነን።

እናቴ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ትሰማ ነበር። ያኔ ቤታችን ውስጥ «ነገሩ» ነበር የሚባለው። ነገሩ ሲነሳባት ከተቀመጠችበት ተነስታ ትመልስ ነበር፣ ትቆጣ ነበር፣ አንዳንዴም ትስቅ ነበር። በቀበሌው ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ እስኪሰቀል ድረስ ይህ የእኛ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በማጉያው የሚናገር ሁሉ እሷን የሚያናግራት መሰላት። አንድ እሑድ ሕዝብ በተሰበሰበበት መሐል ተነስታ፣ «ውሸትህን ነው፤ ትናንት ሌላ ነበር ያልከኝ» አለችው ተናጋሪውን። ሰው ሳቁን ዋጠ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ከቤቱ ወጥቶ ያልተመለሰ ጎረቤት ነበረን። አባቴ እጇን ይዞ እየጎተተ ወደ ቤት አመጣት፣ በማግስቱም ቁልፍ ገዛ።

የእኔ ሥራ ማጉያው ሲጀምር እጄን አፏ ላይ መጫን ነበር። ሰባት ዓመቴ ነበር። አንዱ እጄ ስለማይበቃ ሁለቱንም ደራርቤ እጫን ነበር፣ እሷም ዓይን ዓይኔን እያየች በጣቶቼ መሐል ትተነፍስ ነበር። አንድም ቀን ነክሳኝ አታውቅም። የሰፈር ልጆች በበሩ ቀዳዳ እያዩ፣ «አንተ፣ ስንት ዓመት ነው የተፈረደብህ?» ይሉኝ ነበር፤ አራዶች ናቸው፣ ቀልድ አያልቅባቸውም። እነሱ ደብተር ይዘው ሲያልፉ እኔ የእግራቸውን ኮቴ እቆጥር ነበር። ፊደል የለየሁት ሠላሳ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ሻካራ ከሆነባችሁ ምክንያቱ ይህ ነው።

በአንዱ ክረምት፣ ዝናቡ ማጉያውን እንኳ ባሸነፈበት ወር፣ በግድግዳ የምንዋሰናቸው አደይ ለተብርሃን አባቴን በራችን ላይ ጠብቀው ያዙት። ከትግራይ መጥተው አራዳ የኖሩ፣ የአእምሮ ሕሙማን በሚታከሙበት ሆስፒታል በጽዳት የሚሠሩ ሴት ነበሩ። እኔን «ወደይ» ይሉኝ ነበር፤ በአገራቸው ቋንቋ ልጄ ማለት ነው። አባቴን ግን አላቆላመጡትም።

«ሚስትህ ታማለች እንጂ አልተረገመችም» አሉት። «እኔ በማጸዳው ክፍል ከሷ የባሱ ገብተው በእግራቸው ወጥተዋል።»

አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀበሌ ቢሰማስ አላቸው።

«ይስማ! በሽተኛ ናት የሚል ወረቀት ይኑራት። ወረቀቱ ከዚህ ቁልፍ ይሻላታል።»

አባቴ እሺ አለና ሆስፒታል ሄዱ። አደይ ለተብርሃን እናቴን በክንዳቸው ደግፈው ወሰዷት፣ ክኒንም ይዘው መለሷት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራዋ እንቅልፍ ብቻ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ማጉያው ሲጀምር፣ እጄን ሳነሳ፣ ይዛ መልሳ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ለኔ አይደለም የሚናገረው» አለችኝ። ጳጉሜ ሦስት፣ የሩፋኤል ዕለት፣ በሩ ተከፍቶ ውሎ ከሰፈሩ ልጆች ጋር የጠበሉን ዝናብ አብረን ተጠመቅን፤ ቀሚሷ ገላዋ ላይ ተለጥፎ ስትስቅ አባቴ በረንዳ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ያለቀሰ ይመስለኛል።

ጥፋቱም የመጣው ከዚያው ደስታ ነው። መስከረም ሲጠባ አባቴ የዳነችው በጠበሉ ነው ብሎ ለምስጋና እንጦጦ ይዟት ወጣ። ጠበል የያዘ ሰው ደግሞ የሆስፒታል መድኃኒት አይነካም፤ ማን እንዳለው አላውቅም፣ ቄሱም አላሉም፣ ሰው ሁሉ ግን ያውቀዋል። አባቴ ክኒኖቹን በረከቷን እንዳይሽሩባት ብሎ ዓይኔ እያየ ቱቦ ውስጥ ደፋቸው። ጥቅምትን ሙሉ ደህና ነበረች፣ እሱም ለመጣው ሁሉ «አያችሁ?» ይል ነበር። ኅዳር ላይ፣ ሰፈሩ ቆሻሻ ሲያጥን በዋለበት ሰሞን፣ እናቴ ምግብ ተመርዟል ብላ መብላት አቆመች። ከሳምንት በኋላ ቁልፉ ተመለሰ።

አባቴ አደይ ለተብርሃንን ዳግመኛ ማስቸገር አፈረ። ክኒኑን ደፋሁት ብሎ እንዴት ይንገራቸው? እኔንም አስጠነቀቀኝ፤ ከጠየቁህ ደህና ነን በል አለኝ። ጠየቁኝ። አንድ ቀን ከሥራ ገብተው ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና፣ «ወደይ፣ እናትህ መድኃኒቷን እየዋጠች ነው?» አሉኝ።

እናቴ አጠገቤ ነበረች። እጆቼ አፏ ላይ ነበሩ።

«አዎ፣ ደህና ነን» አልኩ።

በዚያው በጋ አደይ ለተብርሃን ቤት ቀይረው ከሰፈራችን ሄዱ። እናቴ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት ኖረች፣ አንድም ቀን ሳይሻላት፣ በመጨረሻም በሳንባ ሕመም ሞተች። አባቴን ብዙ ዘመን ጠላሁት። አሁን እንደ ፈሪ ሰው አየዋለሁ፣ ፈሪነቱም ምክንያት ነበረው፤ ይቅር ግን አላልኩትም። በዚያ ዘመን መድኃኒት አልነበረም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እቆጣለሁ። ነበረ። ከግድግዳው ወዲያ ነበረ።

ሃምሳ ዓመት ሲሞላኝ በእኔ ላይ ሌላ ዓይነቱ መጣ። ድምፅ አልሰማሁም፤ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ፣ ልጄ ስትስቅ ሳቋ ከሩቅ የሚመጣ መሰለኝ። ለአራት ወር ደክሞኝ ነው እያልኩ ሰው አታለልኩ። ባለቤቴ ናት አንድ ጠዋት ጫማዬን አቅርባ፣ «ዛሬ አብረን ነው የምንሄደው» ያለችኝ። ወረፋ መጠበቂያው ላይ በስተግራዬ ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ ከእናቷ ጋር፣ በስተቀኜ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሽማግሌው ልጅቷን ምን እንዳመማት ጠየቋት፤ «ጭንቀት ነው አባባ» አለቻቸው። «የኔም እሱ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ» አሏት። ጉንፋን የሚያወሩ ነበር የሚመስሉት።

ሐኪሟ ከቤተሰብህ የታመመ ሰው ነበረ ወይ አለችኝ።

«እናቴ» አልኳት። ከዚያ ምን እንዳመማት ነገርኳት፣ ክኒኑ እንዴት እንደተደፋ፣ ማን ምን እንደዋሸም ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገርኩትም ነበር፤ ለባለቤቴም ጭምር።

ባለፈው ሰንበት እንግዳ ቤታችን ተቀምጦ ሳለ ልጄ ከጓዳ ጮክ ብላ፣ «አባዬ፣ ክኒንህን ዋጥክ?» አለችኝ። ደነገጥኩ፤ እንግዳውን አየሁት። ስኳር ጨመረ፣ ሻዩን አማሰለ፣ የጀመረውንም ወሬ ቀጠለ።