ለጿሚ የቀረበ እንቁላል

ከቡሬ የተነሣሁት በጣሊያን ዘመን፣ በሁዳዴ ጾም አጋማሽ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሞላ ለአርበኞች ስንቅ አቀብሏል ተብሎ፣ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንለው ከተማ ታስሮ ነበር። እህል አልቀምስ ብሎ ሊሞት ነው የሚል ወሬ ደረሰን። እናቴ ታማ ተኝታለችና መሄዱ የእኔ ዕጣ ሆነ። በሶና ድርቆሽ ቋጥሬ፣ ወንድሜን ሳላበላ ላልመለስ ቆርጬ ወጣሁ።

ማንኩሳ

ዋናውን መንገድ ትቼ በማሳ ለማሳ ሄድኩ፤ በመንገዱ የጦር መኪና ይመላለሳል፣ ኬላው ላይም ስንቅ ይቀማሉ። አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ አቧራው ጉሮሮ ያንቃል። ማንኩሳ ስደርስ አንዲት ባልቴት ከደጃቸው ጥላ ሥር አሳረፉኝ። የጾሙ ሰዓት ሲደርስም ተልባ በጥብጠው በእንጀራ ፈተፈቱልኝ።

«ወዴት ነሽ ልጄ፣ ብቻሽን?»

«የታሰረ ወንድም አለኝ፣ እማማ። ስንቅ ይዤለት ነው።»

«በይ ጠንከር በይ። ደጃቸው ላይ እንዳታለቅሺ፤ ደስ ይላቸዋል።»

እዚያው አድሬ ማለዳ ተነሣሁ።

ፍኖተ ሰላም

ዕለቱ ዓርብ ነበር። የእስር ቤቱ አስተርጓሚ ከመረብ ማዶ የመጣ አስካሪ፣ ለጣሊያን ያደረ ወታደር ነው፤ አንገቱ ላይ እንደ እኔው ማተብ አስሯል። ማተቡን ሳይ ልቤ ትንሽ ተረጋጋ። ጣሊያኑ አለቃ ግን የወንድሜን ስም ሲሰማ ተቆጣ።

«ጾም ነው ቢለን ሥጋውን አስቀርተን እንቁላልና አይብ ሰጠነው። ፊታችን ላይ ወረወረው። የሚንቀንን ሰው አንቀልብም፣ ይላሉ» አለኝ አስተርጓሚው።

ክው አልኩ። እንቁላል ለጿሚ! ያላገጠብኝ መሰለኝ።

«በለው፤ በእኛ ጾም እንቁላሉም አይቡም ፍስክ ነው፣ ከሥጋ አይለይም። ወንድሜ አልናቀህም፣ ጾሙን ነው የጠበቀ።»

አለቃው ቁጣው በርዶ ትክ ብሎ አየኝ።

«እኛም ዓርብ ዓርብ ሥጋ አንበላም፤ እንቁላል ግን እናቴም ትበላለች፣ ይላሉ።»

ለካ ሰውየው የሰጠው የራሱን ጾም ኖሯል። አገሬን የወረረ ነውና አላዘንኩለትም፤ እውነቱን ግን መካድ አልችልም። ወደ አስተርጓሚው ዞርኩ።

«አንተስ? ማተብ ያሰርክ ሰው፣ ይህን ሳታውቅ ቀርተህ ነው?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

«አልጠየቁኝም፣ እህቴ» አለና አቀረቀረ።

አለቃው እህሉ እንዲገባ ፈቀደ፤ መፍታቱን ግን አላነሣውም። ሞላን ጉንጩ ገብቶ፣ ግድግዳ ተደግፎ አገኘሁት። በሶ ጨብጬ ወደ አፉ ብወስድ ፊቱን አዞረ።

«ሰዓቱ ገና ነው።»

«የንስሐ አባታችን የታመመ ሰው ሰዓት አይጠብቅም ብለዋል። ጉረስ!»

ጎረሰ። የዚያን ጊዜ አለቀስኩ፤ ማንም ይየኝ ብዬ።

ቡሬ

ስገባ እናቴ ከመኝታዋ ቀና አለች።

«በላልኝ?»

«በላ፣ እምዬ። ጾሙንም አልገደፈም።»

በየሳምንቱ ስንቅ ላመላልስለት ወስኜ፣ የዚያኑ ዕለት ገብስ መቁላት ጀመርኩ። ከምጣዱ አጠገብ ሆኜ ሁለቱን ሰዎች አስባቸው ነበር። ወንድሜን ባዕዱ ባለማወቅ፣ ማተብ ያሰረው ደግሞ እያወቀ ሊገድሉት ነበር። ለባዕዱ ጾማችንን አስረዳሁት። ለዚያኛው የማስረዳው ነገር አልነበረኝም።