የእናቴ ሞተርና ሰፊው ጎማ

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አጠገብ የአንድ የጭነት መኪና ፍሬን ግሎ ጎማው ያጨስ ነበር። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው ሽታ ዛሬም አያሳልፈኝም። ካደግኩባት ከመንዝ ሞላሌ ወደ ቆላው ወደሚወርደው መንገድ፣ ወደዚያ ጭጋግ ይመልሰኛል፤ ዘጠኝ ዓመት ወደ ሞላኝ ክረምት።

እናቴ ብርቄ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበረች። ገበሬው "ዶክተሯ" ነበር የሚላት፤ ዶክተር አይደለሁም ብትልም የሚሰማት አልነበረም። አባቴ የሞተው እኔ አፌን ሳልፈታ ስለሆነ ቤታችን ውስጥ የነበርነው እኔና እሷ፣ ሦስተኛ ከተባለ ደግሞ ሞተሯ ናት። ሞተሯን የሰጣት አዲስ አበባ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ነው። ረጅም፣ ወገቧ ዝቅ ያለ፣ መሪዋ እንደ በሬ ቀንድ ወደ ኋላ የዞረ፣ ለአስፋልትና ለመታየት የተሠራች ነበረች። ለመንዝ መንገድ አትሆንም ያላላት ሰው የለም። እናቴ ግን አጭር ናት። የመሥሪያ ቤቱ ሞተሮች ላይ ስትወጣ እግሯ መሬት አይደርስም፤ በዚህችኛዋ ላይ ሁለት እግሯን ተክላ ትቆማለች። "ልኬ ናት" ትል ነበር፤ ሌላ ማብራሪያ አልነበራትም።

በዚያ ክረምት የሞተሯ የኋላ ጎማ ተበልቶ እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆነ። የእኛን አገር የክረምት ጭቃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ እግር የገባበት ቦታ ጫማ ይቀራል። እናቴ በተደጋጋሚ ወድቃ፣ አንድ ቀን ክርኗን ተልጣ መጣች። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኔ ቀኑን ሙሉ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ግቢ ከሰፈር ልጆች ጋር ሱዚ ስዘል እውል ነበር። የምንዘልበትን ላስቲክ የምናገኘው ከጎሚስታው ከጋሼ ታምሩ ነው፤ ከተቀደደ የውስጥ ጎማ እየቆረጡ ይሰጡን ነበር። እጃችን ማታ ድረስ ጎማ ጎማ ይሸት ነበር።

አዲስ ጎማ ከደብረ ብርሃን በአውቶቡስ ጣሪያ ተጭኖ የመጣው ቆላው ውስጥ የበግ ፈንጣጣ ገባ የተባለ ሰሞን ነው። በሽታው ከአንድ የበግ ጉሮኖ ወደ ሌላው ሲዘል ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። የበግ ጠጕርና ጠቦት ሸጦ ለሚኖር ቤት ደግሞ በግ ከሞተ የቀረ ነገር የለም። እናቴ በማግስቱ ክትባቱን ከወረዳው ማቀዝቀዣ በበረዶ ሳጥን አውጥታ ልትወርድ ለሰዎቹ ቀን ቆርጣለች። እነሱም ያልታመመ በጋቸውን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስበው ሊጠብቋት ተስማምተዋል። ጎማው ሲፈታ ግን የጠየቀችው ልክ ሳይሆን ሰፊ ሆኖ ተገኘ። ነጋዴው ልኩን አጥቶ ያገኘውን ነበር የላከው።

ጋሼ ታምሩ አዲሱን ከአሮጌው ጎን አቁመው ለረጅም ጊዜ አዩት። እናቴ ይገባል ወይ ስትላቸው፣ "ቸርኬው ላይስ ይገባል። ጭንቁ ገብቶ መዞሩ ነው" አሉ፣ አሮጌው ጎማ የተገጠመበትን ክብ ብረት እየነኩ።

ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ከዚያ ጎማ ጋር ታገሉ። አሮጌውን በብረት ፈልቅቀው አወጡ፤ የአዲሱን ከንፈር የሳሙና ውኃ ቀብተው በጉልበታቸው እየተጫኑ አስገቡ፤ እናቴ መንፊያውን ይዛ ነፋች። ጎማው ቸርኬው ላይ ሲቀመጥ ጧ ብሎ ሲጮህ እኔ ከበሩ ውጭ ነው የተገኘሁት። መልሰው ሞተሯ ላይ ሲገጥሙት በአንድ ጎኑ ካቴናውን፣ ጎማ የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ ላሰ። ጋሼ ታምሩ ጎማውን ወደ ጎን ላስጠጋው ሲሉ እናቴ አልተስማማችም፤ የኋላው ከፊተኛው ጋር ካልተሰለፈ ቁልቁለት ላይ ትጥለኛለች አለች። ክርክሩ የተፈታው ካቴናው የሚዞርባቸውን ጥርሶች በሮንዴላ፣ መሐሉ ቀዳዳ በሆነ ስስ ብረት፣ ወደ ውጭ ገፍተው ነው። ቀጥሎ ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ የፓራፋንጎውን፣ ጠርዝ በብረት መጋዝ ቆረጡ። እናቴ ትንሿን ጣቷን በጎማውና በብረቱ መካከል አስገብታ ጎማውን ዙሪያውን አዞረችው፤ የትም አልነካም። ሞተሯ ላይ ተቀምጣ ግቢውን ዞረች፤ አልነካም። ጋሼ ታምሩ ግንባራቸውን ጠርገው እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። ከኋላዋ፣ ከበረዶ ሳጥኑ ሌላ፣ ሰው ሊጫን እንደሚችል እሳቸውም እሷም አላሰቡትም፤ ምክንያቱም እኔ መሄድ አልነበረብኝም።

ጠዋት ግን እትዬ ዘነቡ ዘመድ ሞቶባት ለቅሶ ሄዳለች። እናቴ እኔን የምትተውበት ቤት ፈልጋ ብታጣ ከኋላዋ አስቀመጠችኝ፣ ሳጥኑን ከእኔ ኋላ አሰረችው፣ ተነሣን።

መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር። ያ ሰፊ ጎማ ጭቃውን እንደ በቅሎ ኮቴ ነበር የሚረግጠው፤ የምትንሸራተትባቸውን ቦታዎች ሁሉ ሳትንቀጠቀጥ አለፈች። ገመገሙ ጫፍ ደርሰን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጭጋጉ ተቀበለን። ከዚያ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ከበታቼ እሽሽ የሚል ድምፅ መስማት ጀመርኩ። እናቴ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች፣ ዝም ብላ ነዳች። ሽታው መጣ። ዞሬ ሳይ ከሳጥኑ ሥር ጥቁር ጭስ ይወጣል።

አቆመች። ጎማው ትከሻው ላይ ተልጧል፤ ነካችውና እጇን ቶሎ አነሣች። ውረጂ አለችኝ፣ ወረድኩ፤ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ክፍተት ተከፈተ። ውጪ አለችኝ፣ ወጣሁ፤ ክፍተቱ ጠፋ። ደግማ አየችው። ከዚያ ተነሥታ ሳጥኑን አየች፣ የመጣንበትን ዳገት አየች፣ ጭጋጉን አየች። ወደኋላ ብንመለስም ሞተሯ ሁለታችንን አትሸከምም። እየገፋች ብትመልሰኝ በረዶው ይቀልጣል፣ ክትባቱ ይበላሻል፤ ታች ሰዎቹ በጋቸውን ይዘው እንደቆሙ ይመሻል። ገና ሳትናገር ገባኝ። ልጅ ሞኝ አይደለም።

ካፖርቷን አውልቃ አለበሰችኝ፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ደረሰ። ከዚያ ፊት ለፊቴ ቁጢጥ ብላ፣ "ትርንጎ፣ ስሚኝ። እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ በይ፤ ከመንገዱ አትውጪ። ሰው ሲመጣ ስሜን ንገሪው። ከማንም ጋር ግን እንዳትሄጂ" አለችኝ።

"ሂጂ እማ" አልኳት።

ዞራ አላየችኝም። የሞተሯን ድምፅ በየጠመዝማዛው ተከተልኩት፤ አንዴ ይቀርባል፣ አንዴ ይርቃል፣ በመጨረሻ ጠፋ።

ጭጋግ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ብቻ ነው። ከገደሉ ጫፍ ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ፣ አንዱ ሌላውን ሲቆጣ ይሰማኛል። አንድ ድንጋይ ተንከባሎ ገደል ሲገባ፣ ከዚያ ቀጥሎ ጭላዳዎቹ በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲሉ፣ ነብር ነው ብዬ ካፖርቱ ውስጥ ተቀበርኩ። እትዬ ዘነቡ ፍርሃት ሲመጣ የምታውቂውን ሰው ስም ጥሪ ትለኝ ነበር። የክፍላችንን ልጆች መምህራችን በሚጠራበት ተራ ከአለሚቱ ጀምሬ ጠራሁ፤ "አቤት" የሚለውንም እኔው እመልሳለሁ። ጨርሼ እንደገና ጀመርኩ። ካፖርቱ የመድኃኒትና የእናቴ ሽታ ነበረው። ጣቶቼ ከቅዝቃዜው የተነሣ አልታዘዝ አሉኝ።

ከታች ኮቴ ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት እሷን ነው፤ ከጭጋጉ የወጣችው ግን ጆንያ የጫነች በቅሎ ናት፤ ከኋላዋ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ። በጆንያው ያለው የበርበሬ ሽታ ከሳቸው ቀድሞ ደረሰኝ። ሲያዩኝ በቅሏቸውን ያዙና የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። የብርቄ፣ የዶክተሯ አልኩ።

ታች አይተዋታል። በግ እየወጋች እንደሆነች፣ ገና ብዙ እንደሚቀራት ነገሩኝ። ስማቸው ሙሄ እንደሆነ፣ ለማግስቱ ገበያ ወደ ሞላሌ እንደሚወጡ ነገሩኝና በቅሎዋ ላይ አስቀምጬ ቤት ላድርስሽ አሉኝ። እናቴ ከማንም ጋር አትሂጂ ብላኛለች አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"እንዲያ ካለችሽ ልክ ናት" አሉ። "እንግዲያው እኔም አልሄድም።"

ጆንያዎቹን አወረዱ። ወደኔ አልቀረቡም፤ ከመንገዱ ማዶ፣ በደንብ የማያቸው ቦታ መርጠው ተቀመጡ። ቆሎ ከኪሳቸው አውጥተው መንገዱ መሐል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጡልኝና ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የአሱር ሶላት ሰዓት ሲደርስ ኩታቸውን አንጥፈው ሰገዱ። ሰማዩ እየጠቆረ ሲሄድ እየተነሡ ወደ ገደሉ ጫፍ ይሄዱና ያዳምጡ ነበር፤ በቅሎዋም ጆሮዋን አቁማ መሬት መምታት ጀምራለች። ያ መንገድ ሲመሽ የጅብ እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። እሳቸው ያን ጊዜ ሞላሌ ገብተው እሳት ዳር መሆን ነበረባቸው።

የሞተር ድምፅ መጣ። ሁለታችንም ተነሣን። ድምፁ እየቀረበ መጥቶ ተቋረጠ፤ ከዚያ ዝም። ሙሄ አንድ ነገር በልባቸው እያሉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዝምታው ረዘመ። እኔ ተመልሼ ድንጋዩ ሥር ተቀመጥኩ፤ ካፖርቱን እስከ ዓይኔ ሳብኩት። ሞተሩ ሳል ሳል ብሎ እንደገና ሲነሣ ለማመን ፈራሁ።

ከጠመዝማዛው ቢጫ መብራት ወጣ። በኋላ እንደነገረችን ዳገቱ ላይ ወድቃ ነበር፤ አንድ ጎኗ በሙሉ ጭቃ ነው። መብራቷ መጀመሪያ ያገኘው በቅሎዋን፣ ቀጥሎ የወረዱትን ጆንያዎች፣ ቀጥሎ የማታውቀውን ወንድ ነው። እኔ በድንጋዩ ጥላ ውስጥ ስለነበርኩ አልታየኋትም። ስሜን ጠራችው። እናቴ በሕይወቷ ያን ያህል ጮኻ አታውቅም። ልኬ ናት የምትላትን ሞተር እንደተነሣች ለቀቀቻት፤ ጭቃው ላይ ወድቃ ጎማዋ አየር ላይ ይዞራል፣ እሷ ወደኔ ትሮጣለች።

"አለች፣ አለች" አሉ ሙሄ በቀስታ። "ማንም አልነካት፣ ከቦታዋም አልተነሣች።"

እናቴ ያዘችኝ። የበግ ሽታ፣ የነዳጅ ሽታ፣ የጭቃ ሽታ ትሸት ነበር፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጭ ነበር። ሙሄ ፊታቸውን አዙረው በቅሏቸውን መጫን ጀመሩ። ከዚያ እኔን በቅሎዋ ላይ ከጆንያዎቹ በላይ አስቀመጡኝና ወደ ሞላሌ አቀናን፤ እሳቸው በቅሎዋን እየሳቡ፣ እናቴ ከኋላ በሞተሯ እየተንቀረፈፈች፣ መንገዱን በመብራት እያሳየችን። ያን ማታ እኛ ቤት አደሩ።

ጎማው አልተጣለም። እናቴና ጋሼ ታምሩ ፓራፋንጎውን ከፍ አድርገው፣ የኋላውን ሞላ በሌላ ጠንካራ ሞላ ቀይረው፣ በዚህ ጊዜ እኔንም ሳጥኑንም ጭነው ሞከሩት። ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አብረን ወጣን ወረድን። ታች የተከተቡት በጎች ተረፉ። ሙሄም ገበያ በመጡ ቁጥር በቅሏቸውን እኛ ደጅ ነበር የሚያስሩት፤ እስኪሞቱ ድረስ።

አሁን የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። እናቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ከኔ ጋር ናት። ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። መንገዱ ዛሬ ሰፍቶ ጠጠር ለብሷል ይላሉ፤ እኔ ከሄድኩ ቆይቻለሁ፣ ሰላም ስለጠፋ እንደ ድሮ ተነሥቶ የሚኬድበት ጊዜ አይደለም። እሑድ ዕለት እናቴ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት፤ እንዴት አስችሏት ጥላኝ እንደሄደች።

ከምስሩ ላይ ቀና አላለችም። "ሰው ያልፋል ብዬ ነዋ" አለች። "ያን ጊዜ እኮ መንገድ ላይ የሚያስፈራው ሰው ሲጠፋ ነበር።"

ልጄ ከበራችን እስከ ማዶው ሱቅ ስትሄድ መስኮት ላይ ቆሜ አያታለሁ። መንገዱ ጭር ሲል ደህና ነኝ። ልቤ የሚደነግጠው ከኋላዋ ሰው ሲመጣ ነው።