እህቴ የቦኖውን ቁልፍ ያስረከበች ቀን

በዚያ ቀን ቦኖው ጋ የነበርነው እናቴ፣ እኔ፣ ታላቅ እህቴ ዘነበች፣ የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ጋሽ ቶማ፣ ጎረቤታችን ሸማኔው አያኖ፣ እና ባዶ ጀሪካን የያዘ የመንደር ሰው ሁሉ ነን። ባሏ የሞተባት ዳሜ ብቻ አልነበረችም፤ ሐዘን ላይ ስለሆነች ከቤት አትወጣም።

ይህ ሁሉ ትናንት መጣብኝ። ጫኖ አግብታ የምትኖረው ልጄ ደውላ፣ «እማዬ፣ የውሃ ኮሚቴ ገንዘብ ያዥ አድርገው መረጡኝ» አለችኝ። ደስ ብሏታል። እኔ ግን ምሳዬ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

መንደራችን ከካምባ ወዲያ ደጋው ላይ ነው። ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከምንጩ በቧንቧ የሚወርደውን ውሃ ጠዋትና ማታ ከፍታ የምታስቀዳው ዘነበች ነበረች፤ ሰው የሚከፍላትን ሳንቲም ለጥገና ታስቀምጣለች። የዳሜ ባል ሲሞት ግን ቤቱ የመገነዣ ጨርቅ እንኳ አልነበረውም። ጋሽ ቶማ ለብቻዋ ጠርተው፣ «ልጄ፣ ሬሳ አይጠብቅም፤ የቧንቧውን ገንዘብ ስጪኝ፣ ከአዝመራ በኋላ እንተካዋለን» አሏት። ሰጠቻቸው። ይህን እኛም ቤት ያወቀ አልነበረም።

ሐምሌ ላይ ጎርፍ ቧንቧውን ሰበረው። እንደገና ወንዝ ወረድን። ውሃው ቀይ ጭቃ ነው፤ የቀቀልንበት ጎደሬ ሁሉ አፈር አፈር ይል ነበር። ሰዉ ቦኖው ጋ ተሰብስቦ የጥገናውን ገንዘብ ጠየቀ። ዘነበች ጋሽ ቶማን አየቻቸው። እሳቸው መሬት መሬት ያያሉ።

«ጫማሽን የገዛልሽ የእኛ ጥም ነው ለካ!» አለ አያኖ። ሰው ሳቀ።

«ኧረ ተናገሪ፣ ልጄ!» አለች እናቴ።

«የሰው ገመና ነው፣ እማዬ። በአደባባይ አላወጣም።»

ቁልፉን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠች። በማግስቱ ሙዝ ሊጭን ወደ ምዕራብ ዓባያ በሚወርድ መኪና ሄደች።

ወሬው ዳሜ ጋ የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። ሐዘኗን ሳትጨርስ፣ ነጠላዋን እንደዘቀዘቀች ወጣች። «ባሌ የተቀበረው በውሃው ገንዘብ ነው! ልጅቷን ምን አላችኋት?» እያለች አለቀሰች። ጋሽ ቶማ፣ «ሌባ እንዳልባል ፈርቼ ነው» አሉ። አያኖ ሸምኖ የጨረሰውን ጋቢ ለጥገናው ሰጠ፤ ሌላውም አዋጣና ውሃው ተመለሰ። እናቴ ምዕራብ ዓባያ ድረስ ወርዳ ዘነበችን ፈለገቻት፤ አየኋት የሚል ጠፋ። እናቴ ከቦኖው አንድ ጀሪካን ሳትቀዳ፣ እስክትሞት ድረስ ወንዝ እየወረደች ኖረች። እህቴ ቤት ውስጥ ትሠራው የነበረው ሁሉ ለእኔ ደረሰ፤ ትምህርቴም በዚያው ቀረ።

ከእነሱ መካከል ክፉ ሰው ብፈልግ አላገኝም። ሙት መቅበር ደግ ነገር ነው። ቧንቧም ግን ሲሰበር የሚደርስለት ገንዘብ ይፈልጋል። ለልጄ፣ «ብር ስትሰጪ ሰው ሁሉ እያየ ይሁን» አልኳት። ሳቀችብኝ።

እህቴ ዘነበች ትባላለች። ረጅም፣ ጠይም ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ያያት ወይም ወሬዋን የሰማ ካለ፣ በሕይወት መኖሯን ብቻ ይንገረኝ።