የተቀበረው አፈር

የከሰል ማዕድኑ ሠራተኞች «ናደው» ብለው ያወጡለት ቅጽል ስም እናቱ ያወጣችለትን አስረሳው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዶዘር ነድቷል። ሥራው ከከሰሉ በላይ ያለውን መግፈፍ ነበር፤ መጀመሪያ ጥቁሩን አፈር፣ ቀጥሎ ድንጋዩን። ጥቁሩ አፈር በኋላ መሬቱን መልሶ ለማልበስ ስለሚያስፈልግ፣ ለብቻው እንዲከመር ታዝዞ ነበር። ከተገፈፈው መሬት የታላቅ እህቱ የባቄላ ማሳም አለበት። እሷ ግን አልተቀየመችውም፤ እሱ ባይነዳው ሌላ ይነዳው ነበር ብላ ተወችው።

ከሰሉ ሲያልቅ ማዕድኑ ተዘጋ። የቀረው ጉድጓድ፣ የግራጫ ድንጋይ ቁልልና ዝገት የመሰለ ውሃ ነው። በዓመቱ መሬቱን መልሶ ለማልማት የመጣ መሥሪያ ቤት ናደውን ቀጠረው፤ ዶዘሩም ያው የድሮው ነው። እሱ ጉድጓዱን ሞልቶ ተዳፋቱን አስተካከለ፤ ሌሎቹ የመሬቱን አሲድ የሚያበርድ ኖራ በትነው ሣርና ችግኝ ተከሉ። ሁለት ወር ሳይሞላው ሁሉም ደረቀ።

የአፈር ባለሙያዋ፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት፣ ቆፍራ ብታይ ከሥር ያለው ድንጋይ ብቻ ሆነባት። በስብሰባ ላይ የድሮውን መዝገብ አውጥታ፣ ጥቁሩ አፈር በምሥራቅ በኩል ተከምሯል ይላል፣ የታለ ስትል ጠየቀች። ናደው ስብሰባው እስኪያልቅ ጫማውን ሲያይ ቆየ።

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አለው። ሚስቱ ሐኪም ቤት ሂድ ብትለው፣ በሽታ አይደለም አላት። በአሥረኛው ቀን ወደ ባለሙያዋ ቢሮ ገብቶ፣ ተቀመጡ ብትለውም ቆሞ ነገራት።

«መዝገቡ ውሸት ነው። አፈሩን የቀበርኩት እኔ ነኝ። መመላለሱ ሲሰለቸኝ ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁትና ድንጋይ ጫንኩበት። አለቃዬም አይቶ እንዳላየ አለፈኝ።»

«ቦታውን ያስታውሱታል፣ ጋሼ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ።»

ባለሙያዋ የነገራትን ሳትደብቅ ጻፈች። መሥሪያ ቤቱም ከሥራ አገደው። አዲሱ ሹፌር በተነገረው ምልክት ሁለት ሳምንት ቆፍሮ ድንጋይ ብቻ ሲያወጣ፣ ናደው ተጠራ። መጥቶ ወዲያ ወዲህ ተራመደና ቦታውን በእግሩ አሳየ። ከብዙ ቁፋሮ በኋላ ጥቁሩ አፈር ብቅ አለ፤ ረግረግ ረግረግ ይሸታል። ያለ አየር ብዙ ስለቆየ ተዳክሟል፤ ፍግና ጊዜ ይፈልጋል አለች ባለሙያዋ። ደግሞም ሲበተን የሸፈነው ከተዳፋቱ ሲሶውን ብቻ ነው።

ለእህቱ ግን በታገደበት ዕለት፣ ከሰው ከመስማቷ በፊት፣ ራሱ ሄዶ ነግሯት ነበር። ልብስ እያጠበች ነበር።

«ማሳዬን መግፈፍህን ትእዛዝ ነው ብዬ ተውኩት» አለችው። «ይሄኛው ግን ያንተ ነው።»

«የኔ ነው፣ እትዬ።»

ከዚያ ሁለት ዓመት አላናገረችውም።

በሦስተኛው ዓመት ሲሶው ላይ ሣር ያዘ። ውሃው ግን አሁንም ቀላ እንዳለ ነው፤ በየወሩ ኖራ ይጨመርበታል። ናደው በራሱ ፈቃድ ሣሩን ከከብት እየጠበቀ ሳለ እህቱ ማጭድ ይዛ መጣች። ባቄላ ይዘራበት እንደሆነ ጠየቀችው፤ ገና አምስት ዓመት ሣር ብቻ ነው የተባለው አላት። አጭዳ አሰረች።

«አሸክመኝ» አለችው።

አሸከማት። ከዚያ ወዲህ ይነጋገራሉ፤ የአፈሩን ነገር ግን አያነሱም።