ሐጂ ያልጠቀለሉበት ወረቀት

መቀሌ ውስጥ ከእንዳ ኢየሱስ ካምፓስ ቁልቁል ሲወርዱ «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰማያዊ ሰሌዳ የተሰቀለባት ጠባብ ቤት አለች። የእኔ ናት። የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እተይባለሁ፣ አትማለሁ፣ እጠርዛለሁ። ትግርኛን ከአባቴና ከሰፈሩ፣ አማርኛን ከወሎዬዋ እናቴ ስለተማርኩ በአማርኛ የሚጽፍ ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። በዚህ ትንሽ እኮራለሁ። ከሁሉ በላይ የምኮራው ግን በጥንቃቄዬ ነበር።

ምክንያት አለኝ። በጦርነቱ ጊዜ የኮምፒውተሬን ሃርድ ዲስክ በካቻቢቴ ፈትቼ፣ በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ፣ ሽሮ ጣሳ ውስጥ ቀበርኩት። ቤቱ ሁለት ጊዜ ተበረበረ። ኮምፒውተሩ ሄደ፣ ፕሪንተሩ ሄደ፣ ሽሮዬን ግን የነካ አልነበረም። መብራት ሲመለስ ያገለገለ ኮምፒውተር አፈላልጌ ዲስኩን ሰካሁበት። አንድም ፋይል አልጎደለም። ከዚያ ወዲህ ስለ ጥንቃቄ ሊመክረኝ የሞከረ ሰው ከእኔ ጆሮ አላገኘም።

ከሽሮው ከተረፉት ፋይሎች አንዱ የአንድ የቁሓ መምህር ጽሑፍ ነበር። መምህሩ ከጦርነቱ በፊት ለሁለተኛ ዲግሪው ዓይናለም አካባቢ ያሉ ሽማግሌዎችን እየዞረ፣ ከተማው የሞተር ውሃ ሳያገኝ በፊት በእጅ ስለተቆፈሩ ጉድጓዶች ጠይቆ ነበር። እነሱ በትግርኛ ሲነግሩት እሱ እዚያው በአማርኛ ደብተሩ ላይ ያሰፍር፣ እኔም ከደብተሩ እተይብ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የገዛ አባቱ ነበሩ።

ከዚያ ትምህርቱ ተቋረጠ። መድኃኒት በጠፋበት ጊዜ አባቱ ዐረፉ። ደብተሮቹም የገቡበት አልታወቀም። ከአባቱ አፍ የወጣ ነገር ለሰውየው የቀረለት እኔ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ሦስት ገጽ። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ትምህርቱን ሊጨርስ ተመልሶ ሲመጣ አማካሪው የሽማግሌዎቹን ቃል ለብቻው ታትሞ ማየት ፈለገ። ስልሳ ሦስት ገጽ አወጣሁለት። የፕሪንተሩ ቀለም እያለቀ ስለነበር ጽሑፉ ፈዘዘ። ይነበባል፣ ግን ዓይን ያስለቅሳል።

«ግድ የለም ሓፍተይ፣ ይሄንኑ ስጪኝ» አለኝ። እህቴ ማለቱ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲያ ነው የሚጠራኝ።

«ከእኔ ቤት እንዲህ ያለ ወረቀት አይወጣም። ነገ ቀለም አስሞልቼ አሳምሬ እሰጥሃለሁ።»

«እንግዲያው በፍላሽ ገልብጪልኝ።»

ፍላሹን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ። ፍላሽ የሚያመጣውን ቫይረስ ስለማውቅ እጄን እንኳ አላነሳሁም። «ምን ያስፈራሃል መምህር? ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲ ላይ አለ፣ ዲ ላይም ገልብጬዋለሁ። ሁለት ቦታ ነው ያለው። ሽሮ ውስጥ ያልጠፋ አሁን ይጠፋል?»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ፈዛዛዎቹን ወረቀቶች እንደ ልማዴ ለጎረቤቴ ለሐጂ ሰጠኋቸው። ሐጂ ከወሎ መጥተው መቀሌ ላይ የሸበቱ የቅመም ነጋዴ ናቸው። በእናቴ ምክንያት «የእህቴ ልጅ» ይሉኛል። የተበላሸ ወረቀቴን ሁሉ ወስደው ኮረሪማና ቁንዶ በርበሬ ይጠቀልሉበታል።

በማግስቱ ጠዋት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን ማቆየት የነበረበት ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል። ዛሬ ነገ አስቀይረዋለሁ እያልኩ ነበር። ኮምፒውተሩን ስከፍት ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ፤ ከውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። አጠፋሁና መልሼ አበራሁት። ቀጭ፣ ቀጭ። እንደ ግትር በቅሎ ደብድቤ የማስነሳው መስሎኝ አሥር ጊዜ ያህል ሞከርኩ።

ዲስኩን ፈትቼ ኮምፒውተር ለሚጠግነው ለአብሮ አደጌ ባል ወሰድኩለት። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው።

«ስንት ጊዜ አስነሳሽው?»

«አንድ ሁለቴ።» ዋሸሁ።

«ባታስነሺው ይሻል ነበር። ውስጡ የሚዞር ሳህን አለ። ማንበቢያው ተበላሽቶ ሳህኑን እየፋቀው ነው። ባስነሳሽው ቁጥር የቀረውን ይፍቀዋል።»

«እሺ ይፋቅ፤ ዲ ላይ ቅጂ አለኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ። የማዘን አስተያየት ነበር። «ሲም ዲም እኮ አንድ ዲስክ ናቸው። አንዲት ክፍል ቤትን መሃሏን በመጋረጃ ከፍለሽ ሁለት ቤት አለኝ እንደማለት ነው። ጣራው ሲወድቅ ለሁለቱም ነው።»

ስንት ዓመት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ይህን አለማወቄ አንገበገበኝ። በኋላ የጠየቅኳቸው የሙያ ባልደረቦቼም «ዲ ላይ አለኝ» ብለው ተማምነው የሚተኙ ሆነው አገኘኋቸው፤ ያ ግን አላጽናናኝም። ዲስኩን አዲስ አበባ የሚከፍቱ ሰዎች አሉ ተባልኩና በሰው ላክሁት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አይሆንም ተብሎ ተመለሰ።

መምህሩ ግን ዲስኩ በተበላሸበት ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ የተዋበ ወረቀቱን ሊወስድ መጣ። መሸፋፈን አልችልበትም። የሲንና የዲን ነገር፣ የዩፒኤሱንም ነገርኩት። አሥር ጊዜ ማስነሳቴንም ነገርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ኣቦይም?» አለ። አባቴም ማለቱ ነው።

«እሳቸውም።»

ቢቆጣኝ እወድ ነበር። አልተቆጣም። ጣቶቹን ሲያፍተለትል ቆይቶ፣ «የትናንቱ ፈዛዛው ወረቀትስ? እሱን ብትሰጪኝ ይበቃኛል» አለ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። «ለመጠቅለያ ሰጠሁት» አልኩና መልስ ሳልጠብቅ ወደ ሐጂ ሱቅ ሮጥኩ። ተከተለኝ።

ሐጂ እርድ እየመዘኑ ነበር። «ሐጂ፣ የትናንቱ ወረቀት?» ስላቸው፣ «ከጠዋት ጀምሮ እየጠቀለልኩበት ነው፤ ምነው?» አሉ። ነገሩን አስረዳኋቸው። ሚዛኑን አስቀምጠው ከመደርደሪያው ሥር የሻይ ካርቶን ጎተቱ።

«እኔ ሳላነብ አልጠቀልልም፤ የእህቴ ልጅ። የፈጣሪ ስም የተጻፈበት ወረቀት ላይ ቅመም አላፈስም። ሰው ቅመሙን ወስዶ ወረቀቱን ይረግጠዋል። እነዚህ ሽማግሌዎችሽ ደግሞ በየመስመሩ እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። እናንተ በእናንተ ጥሩት፣ እኛ በእኛ፤ ስሙ ስሙ ነው። ለይቼ አስቀመጥኩት።»

ሃምሳ ገጽ ካርቶኑ ውስጥ ነበር። ዘጠኝ ገጽ ገና ያልተነካ ከሚዛኑ ጎን ተደርድሯል። ለዓመታት ወረቀት ስሰጣቸው ይህን ልማዳቸውን አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም፤ መነጽራቸውን አድርገው ሲያነቡ ሳይ ሥራ ፈትተው ይመስለኝ ነበር። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ አልደበቅኩትም።

አራት ገጽ ግን ከገዢ ጋር ሄዷል። ሐጂ ማን ምን እንደገዛ ያስታውሳሉና በነገሩኝ አቅጣጫ ቤት ለቤት ዞርኩ። አንደኛውን ከምግብ ቤት ቆሻሻ ቅርጫት አወጣሁት፤ እርድ በልቶታል፣ ግን ይነበባል። ሁለተኛውን አንዲት እናት ጥቁር አዝሙዱ ሳይወጣ ከነጥቅሉ ሰጡኝ። ሦስተኛው ከሰል ተቀጣጥሎበታል፤ ደግነቱ ያን የተናገሩት ሽማግሌ በሕይወት ስላሉ መምህሩ ሄዶ እንደገና ጠየቃቸው። አራተኛው ኮረሪማ ተጠቅልሎበት ወደ ማይጨው ከሚሄድ መንገደኛ ጋር ተሳፍሯል። የአባቱ ሁለተኛ ገጽ ነበር።

ጽሑፉን ማስገቢያው አንድ ሳምንት ቀርቶታል። መምህሩ ለሦስት ጸሐፊዎች አከፋፍሎ በአንድ ቀን ሊያስጨርሰው አሰበ። እምቢ አልኩ። «የጠፋው በእኔ እጅ ነው፤ የሚመለሰውም በእኔ እጅ ነው» አልኩት። ላፕቶፕ ተውሼ ተቀመጥኩ። ፈዛዛውን ፊደል ለማየት ወረቀቱን በር ላይ፣ ፀሐይ ፊት ዘርግቼ እተይባለሁ። ጣቴ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። በየአምስቱ ገጽ አቁሜ በዚያው በናቅሁት ፍላሽ እገለብጥለታለሁ። ቫይረሱም ይምጣ፤ ከቫይረስ ጋር እንታገላለን።

በአራተኛው ቀን አባቱ ዘንድ ደረስኩ። አንደኛውን ገጽ ጻፍኩ፤ ቀጥሎ ባዶ ነው። መምህሩ አጠገቤ ነበር።

«አባቴ ስለ ገመዱ የተናገሩበት ነው» አለ። «ነገሩን አውቀዋለሁ። የተናገሩበት ቃል ግን ጠፍቶኛል። ከራሴ ፈጥሬ አባቴ አፍ ውስጥ አልከትም። ባዶውን ተይው።»

ሐጂ ሻይ ሊያዙ ወጥተው ደጄ ላይ ቆመዋል። «ገመድ? የጉድጓዱ ገመድ?» አሉ።

«አዎ፣ ምነው?»

«እሱን ገጽ ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። ሌሎቹ በየመስመሩ ሲያመሰግኑ እኚህ ሰውዬ አንድም ቦታ ስሙን አላነሱም። እንደገና ከላይ ጀመርኩ። የለም። እንዴት ያሉ ደረቅ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ነው የጠቀለልኩበት።»

«አባቴ ናቸው ሐጂ» አለ መምህሩ።

ሐጂ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። «አፉ በለኝ ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

«አባቴ ምን ይላሉ? ባነበቡት መንገድ ይንገሩኝ።»

ሐጂ ገብተው ተቀመጡ። «ወንድማቸው ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ይቆፍራል። እሳቸው ከሌሎች ጋር ከላይ ገመዱን ይዘዋል። ፀሐዩ ሲበረታ ሌሎቹ እየተፈራረቁ ጥላ ሥር ዐረፉ። የእሳቸው መዳፍ ተልጧል። ልቀቅና እኛ እንያዝልህ አሏቸው። ያኔ የመለሱት ቃል እንዲህ ይላል፦ ታች ያለው ወንድሜ ነው፤ ገመዱን ለሌላ አላስይዝም።»

መምህሩ በትግርኛ፣ በራሱ ሳይሆን በሽማግሌ ድምፅ፣ «ኣብ ታሕቲ ዘሎ ሓወይ እዩ፤ እቲ ገመድ ንኻልእ ኣይህብን» አለ። የሐጂ አማርኛ የአባቱን ትግርኛ ከነድምፁ አወጣለት። እንባው ሲወርድ አላበሰውም። ከዚያ ያስታወሰውን ያህል ነገረኝ፣ ጻፍኩት። ግማሽ ገጽ ሆነ። አንድ መስመር እንኳ እንዲጨመር አልፈቀደም። ከሥሩም ገጹ ጠፍቶ ባነበቡት ሰው ቃል እንደተመለሰ እንድጽፍ አዘዘኝ፤ እንዳለው አደረግሁ።

ጽሑፉ በቀኑ ገባ፤ መምህሩም ተመረቀ። እኔም ተማርኩ። ዛሬ ቤቴ የገባ ፋይል ሁሉ ሦስት ቦታ ያድራል፦ አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ ባለቤቱ እጅ፣ አንዱ ደግሞ በሌላ ጣራ ሥር። ሌላው ጣራ የት እንደሚሆን ለማሰብ አልደከምኩም። ትንሿን ኤክስተርናል ዲስክ ይዤ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ።

አገላብጠው አዩአት። «ይቺ ውስጥ ስሙ አለ?»

«ሞልቷል ሐጂ።»

«እንግዲያስ ቦታዋ ይኸው ነው።» የሻይ ካርቶኑን ጎትተው ከወረቀቶቹ መሃል አስገቧት። ሊዘጉት ሲሉ ቆም አሉ። «የመምህሩ አባት ገጽስ?»

«እሱም አለ። ግን እሳቸው ስሙን አልጠሩም።»

ሐጂ ጥቂት አሰቡ። «እጃቸው ገመድ ላይ ነበር፤ በምን ፋታ ይጥሩ» አሉና ካርቶኑን ዘጉት።