በርበሬ የሸተተው ሻይ

ብርቅታይት ሰው አጣች እንጂ ሰው አትጠላም። በሱዳን አድርጋ ላስ ቬጋስ ከገባች አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ሃያውን ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ አብረን ስናጸዳ አውቃታለሁ። ባሏ ሞቷል፤ ልጇ ሌላ ስቴት ሆና በገና በገና ትደውላለች። ዊንቸስተር ሰፈር ያለውን የአፓርታማዋን በር የሚያንኳኳ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ካዚኖ ውስጥ ካርታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡት ጎረቤቷ ሚስተር ዳኦ።

ሽማግሌው ቻይና ውስጥ የዩናን ሰው ናቸው። እህታቸው ከትውልድ ተራራቸው የምትልክላቸው ሻይ እንደ ኩበት ተጠፍጥፎ በወረቀት የተጠቀለለ ነው። ብርቅታይት መጀመሪያ ቀን ቀረፋና ቅርንፉድ ጨምራ አንተክትካ አፈላችው፤ ሬት ሆነ። እሳቸው ስቀው ደፉትና የፈላ ውሃ አፍስሶ ወዲያው መቅዳትን አስተማሯት። ጥሬ ፑኤር ይባላል፤ መጀመሪያ ይመራል፣ ከዚያ ጉሮሮ ላይ ጣፋጭ ሆኖ ይመለሳል። ምሬቱ ምላስ ላይ ተጣብቆ ከቀረ የአሮጌ ዛፍ ቅጠል አይደለም፤ የተራራውን ስምማ ወረቀት ላይ ማንም ያትመዋል አሏት። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንደማትቀምስ ካወቁ ወዲህ፣ እሳቸውም ሳይጠጡ ይጠብቋት ነበር። እኔን እንደዚያ የጠበቀኝ ሰው የለም።

አምና ሽማግሌውን ካንሰር ያዛቸው። ለሕክምና ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሎን ማውንቴን ሰፈር ልጃቸው ዘንድ ሲሄዱ አንድ ጥቅል ሻይ ሰጧት፤ እህታቸው ሞታለች፣ ከዚያ ተራራ ሌላ አይመጣም። ስመለስ አብረን እንከፍተዋለን አሏት። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ብላ አልነካችውም። ሰባት ወር ሙሉ ከሺፍት እየገባች ከግድግዳ ጋር ስታወራ ከረመች። እኔም ብዙ አልሄድኩላትም፤ ያሳፍረኛል።

ሻዩንማ በክብር አስቀምጣዋለች። የሐበሻ ሴት ውድ ነገር የት ታስቀምጣለች? ከአገር ቤት ከመጣው በርበሬና ኮረሪማ ጋር፣ አንድ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ይህ ሻይ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል።

ተመለሱ፤ ከስተው፣ ፀጉራቸው አልቆ። ወረቀቱ ሲፈታ ቤቱ በርበሬ በርበሬ ሸተተ። ቀድታ አንድ ጊዜ ፉት አለች፤ ወጥ ነው። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ቀደሟት።

«መድኃኒቱ ምላሴንም አፍንጫዬንም ወሰደው» አሉ። «አንቺ ንገሪኝ። ተራራው አለበት?»

አለበት አለች። መጀመሪያ መረረኝ፣ አሁን ለቀቀኝ፣ ይኸው ጉሮሮዬ ላይ እየጣፈጠ ነው እያለች፣ የድሮውን ጣዕም እያስታወሰች ነገረቻቸው። ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሟት፤ ድገሚልኝም አሉ።

ይህን የነገረችኝ በእረፍት ሰዓታችን ነው፤ እያለቀሰች። ለንስሐ አባትሽ ነገርሻቸው ወይ አልኳት።

«አልነገርኩም» አለች። «ብናዘዝ አትድገሚው ይሉኛል። ሰውዬው ደግሞ ነገም ይመጣሉ።»